የመስተዋቱ አዳራሽና የባሮ ዶቃ

ዐይን በቀለም፥ ጆሮ በዜማ ደስ መሰኘቱ ከሰው ጠባይ ጋር የተፈጠረ ነገር ነው። ነገር ግን ይህ ደስታ ልብን የሚያቀና ነው ወይስ የሚያስት? ቀድሞ ይህ ጥያቄ የሚነሣው በትልልቅ ከተማ በሲኒማ ቤት ደጅ ነበር። ዛሬ ግን በጋምቤላ የቀኑ ሐሩር በረድ ሲል በባሮ ወንዝ ዳርቻ የተቀመጠ ጐልማሳ፥ በመዳፉ በያዘው ስልክ የንጉሥ አዳራሽን፥ የሐር ልብስንና በዘፈን የሚነጋገሩ አፍቃርያንን ለማየት ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ወደ እርሱም ደርሶአል።

ለምሳሌ ያህል ኬ. አሲፍ የተባለው ሕንዳዊ ያዘጋጀውና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. የወጣው «ሙጋል ኤ አዛም» የተባለው ፊልም ይበቃል። ታሪኩ የንጉሠ ነገሥት አክባር ልጅ ሰሊም፥ አናርካሊ የምትባለውን የቤተ መንግሥት ጨፋሪ ስለ መውደዱ፥ አባቱም ስለ መከልከሉ ነው። የሚበዛው ክፍል በጥቁርና በነጭ ሲታይ፥ አናርካሊ በንጉሡ ፊት ፍቅርዋን በዘፈን የምትገልጥበት ክፍል ግን በቀለም የተነሣ ነው። አዳራሹን በመስተዋት ሠርቶ ለመፈጸም ሁለት ዓመት ያህል እንደ ፈጀ ይነገራል። ዘፈኑ ወደ ፍጻሜው ሲደርስ የአንዲቱ ሴት መልክ በጣራው መስተዋት ሁሉ ይበዛል፤ ንጉሡም ዐይኑን ወደ ላይ ቢያነሣ እርስዋን ያያል።

ይህን ያየ ጠንቃቃ ሰው «ከንቱ ብልጭልጭ ነው» ቢል ፈጥኖ መፍረዱ ነው። ጌጥ ሁሉ ከንቱ ቢሆን ኖሮ የጥምቀት ጥላ በወርቀ ዘቦ ባልተሸለመ፥ ማሕሌቱም በከበሮና በጸናጽል ባልታጀበ ነበር። በቅኔ ቤትም ሰም ሐሰት አይባልም፤ ወርቁን የሚሸከም ነውና። የሚነቀፈው በሰሙ ቀርቶ ወርቁን ያላገኘ ተማሪ ነው። በዚያ አዳራሽ መስተዋቱ ሰም ነው፤ ወርቁም እውነተኛ ፍቅር ከኀያል ፊት ሊሰወር አለመቻሉ ነው። ጌጡ እውነትን ስላገለገለ ነቀፋ የለበትም።

ይሁን እንጂ መስተዋት የሚያሳየውን ያህል ይሰውራል። አናርካሊን ሆና የታየችው ማዱባላ ከልደትዋ ጀምሮ የልብ ሕመም ነበረባት፤ በዚያው አቈጣጠር በ1969 ዓ.ም. በ36 ዓመትዋ ዐረፈች። በዚያ ዘፈን የተሰማው ድምፅም የእርስዋ ሳይሆን የላታ መንጌሽካር ነበር። እንግዲህ ተመልካቹ አንዲት ፍጽምት ሴት ያየ ሲመስለው፥ ያየው የብዙ ሰዎችን ድካምና የአንዲት ሕመምተኛን ትዕግሥት ነው። ይህን ያልተረዳ ጐልማሳ ፍቅር ያለ ድካም የሚያበራ ይመስለዋል፤ ከባሮ ውሃ ቀድታ የምትመለሰውን እጮኛውንም ከመስተዋቱ ሴት ጋር መዝኖ «ጐደለች» ይላል። እንዲህ ያለው ሚዛን ግፍ ነው፤ በአንዱ ወገን የተቀመጠው ጥላ እንጂ ሰው አይደለምና።

በባሮ አገር ደግሞ ሌላ ብርጭቆ አለ። በአኙዋክ ዘንድ «ዲሙይ» የሚባለው የብርጭቆ ዶቃ ለሙሽራይቱ ወገን የሚሰጥ ጥሎሽ ሆኖ ኖሮአል፤ በእኅት ጋብቻ የገባው ዶቃ ለወንድም ሚስት ማግኛ እየሆነ ከቤት ወደ ቤት ይሻገራል። ብርሃኑ ከአዳራሹ መስተዋት ጋር አይወዳደርም፤ ነገር ግን ወገንን ከወገን ያስተሳስራል፥ ባለ አደራም ያደርጋል። እርሱም ቢሆን ያለ ነቀፋ አይደለም፤ ዶቃውን የሰጠ ሰው ሴቲቱን የገዛት ቢመስለው፥ ድኻውም ዶቃ ስላጣ ትዳር ቢያጣ፥ ይህም በሰም መቅረት ነው። ፍቅር በመስተዋቱም በዶቃውም ውስጥ የለም፤ ሁለቱም ስለ እርሱ የሚናገሩ ምልክቶች ናቸው።

ታዲያ መለኪያው ምንድር ነው? በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ ወዲህ፥ በክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከሱዳን ወደ ጋምቤላ ይወጣ ነበር፤ ውሃው ሲጐድል ይቀር ነበር። በዚያ ጊዜ ነጋዴው የሚቈጥረው የመርከቡን ጢስ ሳይሆን በዳር የወረደለትን ዕቃ ነው። ፊልምም እንዲሁ ነው። ዘፈኑ አልቆ ብርሃኑ ሲጠፋ በልብ የቀረው ምኞት ብቻ ከሆነ ተመልካቹ ከስሮአል፤ አጠገቡ ያለችውን ሰው በአዲስ አክብሮት ለማየት ከቻለ ግን አትርፎአል።