«ቆንጆ ነው» የማለት መብት

ሰው ተርቦ ጥሎት የሄደውን መንደር «እንዴት ያምራል!» ማለት ነውር ነው? ይህ ጥያቄ የመጣብኝ ዳገት ላይ ነው።

ደቡብ ኢጣሊያ፣ ባዚሊካታ በሚባለው ክፍለ ሀገር ብስክሌት ለነዳ ሰው ዳገትን ማስረዳት አያስፈልግም። መንደሮቹ በሙሉ ማለት ይቻላል ጫፍ ላይ ናቸው። ወንዙ ዳር ለጥ ያለ መሬት ተዘርግቶ እያለ ቤቱ ከላይ፣ ሰማይ ጥግ ተሰቅሏል። ፎቶ ላይ ሲታይ ሠዓሊ ያስቀመጠው ይመስላል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው፦ ሸለቆው የወባ አገር ነበር፣ ከባሕር በኩል ደግሞ ዘራፊ ይመጣ ነበር። ስለዚህ ገበሬው ከላይ ያድራል፤ ሳይነጋ ከበቅሎው ጋር ሰዓታት ወርዶ ያርሳል፤ ማታ ያንኑ መንገድ መልሶ ይወጣል። እኔ 27 ማርሽ ባለው ብስክሌት፣ ቴምርና ሙዝ በቦርሳ ይዤ፣ በቀን አንዴ ወጥቼው ምላሴ ወጣ። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ወጣው።

እኛ ብስክሌት የምንነዳ ሰዎች አንድ የምንወዳት ትምክህት አለችን። በመኪና ያለፈ ሰው አገር አላየም፤ እኛ ግን ሽታውን፣ ነፋሱን፣ ውሻውን ሳይቀር እናውቃለን እንላለን። እውነት አላት። እግር ከዓይን በተሻለ ያስታውሳል። ግን «ደክሞኛልና የነሱን ድካም አውቄዋለሁ» ወደ ማለት ስንሻገር ነገሩ ይበላሻል። ጾመኛም የራበውም ሆዳቸው ባዶ ነው፤ ጾመኛው ግን ፍስኩ መቼ እንደሆነ ያውቃል።

ጉዞዬ ማቴራ ላይ ነበር የጀመረው። ማቴራ ያልሄደ ሰው ላሊበላን ያስብና፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ብቻ ሳይሆኑ ከተማው ራሱ ከአለት ተፈልፍሎ እንደሆነ ይቁጠረው። ሳሲ ይባላል፣ ድንጋዮቹ ማለት ነው። በአንድ ዋሻ ውስጥ አባት፣ እናት፣ ልጆች፣ በቅሎና ዶሮ አብረው ያድሩ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፖለቲከኞች ቦታውን «የአገር ውርደት» ብለው ጠሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ሕግ ወጣና 15 ሺህ ያህል ሰው ወደ አዳዲስ ሰፈሮች እንዲዛወር ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1993 ያው ውርደት የዓለም ቅርስ ሆነ። በ2019 የአውሮፓ የባህል መዲና ተባለ። ዛሬ በቅሎ ያድርባቸው ከነበሩት ዋሻዎች ብዙዎቹ ሆቴል ናቸው፤ የአንድ ሌሊት ዋጋቸውን አይቼ ከከተማው ወጣ ብዬ ድንኳኔን ተከልኩ።

እዚያ ቆሜ ሳስበው የገረመኝ «ውርደት» የሚለውም ሆነ «ቅርስ» የሚለው ቃል ከውጭ የመጣ መሆኑ ነው። ዋሻው ውስጥ የነበረችው ሴትዮ ሁለቱንም አላለችም። ያው ቤቴ ነው ያለችው። ሲያፍሩባት እንድትወጣ ተደረገች፤ ሲኮሩባት ደግሞ ውስጥ የለችም።

እኔ ይህን ነገር ከወዲያኛው ወገንም አውቀዋለሁ። ልጅ ሆነን ለገና ላስታ፣ አያቴ ዘንድ እንሄድ ነበር። የሣር ጣራዋን ሰንጥቆ ጭሱ ሲወጣ ፈረንጆቹ ካሜራ ይደግኑበታል። አያቴ ደጃፏ ላይ ቆማ፣ «የኔ ጭስ ምን ያደርግላቸዋል?» ትላለች። ኋላ ላይ አጎቶቼ ተባብረው ቆርቆሮ አለበሱላት። ከዚያ በኋላ ማንም ፎቶ አላነሳትም። እሷ ደስ አላት፤ በክረምት አልጋዋን ከጥግ ወደ ጥግ መጎተት ቀረላታ! አንዱ አስጎብኚ «እማማ፣ ሣሩ ይሻል ነበር እኮ» ቢላት፣ «እንግዲያው አንተ ግባና እደርበት» አለችው።

እና አሁን ፈረንጁ እኔ ነኝ። የራስ ቁር አድርጌ፣ የሚያብለጨልጭ ቁምጣ ለብሼ፣ የሰው መንደር ውስጥ እያቃሰትኩ እገባለሁ።

ታዲያ ዝም ማለት ይሻላል? ውበቱን አይቶ እንዳላየ ማለፍ? አንዳንድ ጓደኞቼ እንዲህ ይላሉ፤ ድህነትን አታስጊጡ፣ ምናምን። ሐሳባቸው ይገባኛል፣ አልስማማም ግን። ማቴራ ውስጥ የዝናብ ውኃ ለማጠራቀም ከአለት የተፈለፈሉ ጉድጓዶች አሉ፤ ካቴድራል የሚያካክል ትልቅ ሁሉ አለ። ያንን የፈለፈለ ሰው ውኃ ስለጠማው ብቻ አይመስለኝም ግድግዳውን እንዲያ ያስተካከለው። አምሮለት ቆም ብሎ አይቶታል ብዬ አምናለሁ። ድሃ ስለነበር ብቻ ሥራው አያምርም ካልኩ፣ ከድህነቱ በቀር ምንም አልነበረውም ማለቴ ነው። ይህ ከፎቶውም የባሰ ንቀት ነው። እኔ የሚከነክነኝ ውበቱን ማየት ሳይሆን፣ ላየሁት ውበት ሲባል ሌላ ሰው ሣር ጣራ ሥር እንዲያድር መፈለግ ነው። ክራኮ የምትባል መንደር አለች፤ ከ1963 ጀምሮ መሬቱ እየተንሸራተተ ሰዉ ወደ ሸለቆው ወረደ፣ ዛሬ ፊልም ይቀረጽባታል። እዚያ ስደርስ ከልቤ «ታምራለች» አልኩ። ተመልሰው ይግቡባት አላልኩም።

ከክራኮ ወደ አሊያኖ ያለው መንገድ አፈሩ ነጭ ሸክላ ነው፤ ዝናብ ቦጫጭቆት ገደላ ገደል ሆኗል። ካርሎ ሌቪ፣ ከቶሪኖ የመጣው ሐኪም፣ ሠዓሊና ጸሐፊ፣ የሙሶሊኒን መንግሥት በመቃወሙ እ.ኤ.አ. በ1935 ወደዚህ አካባቢ ተግዞ ነበር። በኋላ የጻፈው መጽሐፍ፣ «ክርስቶስ ኤቦሊ ላይ ቆመ»፣ በ1945 ታትሞ የነዚህን መንደሮች ችግር ለአገሩ ሁሉ አሳወቀ። ርዕሱ የገበሬዎቹ አባባል ነው፤ ክርስቶስ እንኳ ኤቦሊ ላይ ቀርቶ እኛ ዘንድ አልደረሰም ማለታቸው ነው።

ሌቪ ግን ግዞቱን አልጨረሰም። ዓመት ሳይሞላው ተፈታ። ለምን? የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ስለገባ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማችን ተያዘች፤ ለድሉ ደስታ ምሕረት ታወጀ፤ በምሕረቱ ሌቪ ወደ ቤቱ ሄደ። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ሰውየውን እወደዋለሁ። በእሱ መፈታት መደሰት አለብኝ። የእሱ በር የተከፈተበት ቁልፍ ግን የኛ ቤት ሲሰበር የተገኘ ነው። የአያቴ ታላቅ ወንድም ማይጨው ቀርተዋል፤ መቃብራቸው የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሌቪ በ1975 ሲሞት የተቀበረው ተግዞባት በነበረችው በአሊያኖ ነው። በሩቅ ኮረብታ ላይ ስትታየኝ የትኛውን ለማዘን እንደምሄድ አላውቅም ነበር።

ወደዚያ ሳልደርስ አንዲት ትንሽ መንደር ውስጥ ውኃ ልቀዳ ቆምኩ። አደባባዩ ላይ የጦርነት ሐውልት አለ፤ የሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ሙታን ረጅም ዝርዝር፣ ከታች ደግሞ «ምሥራቅ አፍሪካ» ብሎ ሁለት ስም። አግዳሚው ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ሳነብ አዩኝና ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«አቢሲኒያ!» አሉ። «አባቴ እዚያ ነበር።»

ምን እንደምል ጠፋኝ። እሳቸውም ለአፍታ ዝም አሉ።

«ስለ ጦርነቱ አንድም ቀን አላወራንም» አሉ ቀጥለው። «አገሩ ቆንጆ ነው ብቻ ይል ነበር። ተራራው፣ ተራራው ይላል።»

ቆንጆ ነው። ያ ሰው ጠመንጃ ይዞ፣ ማንም ሳይጠራው፣ የኔን ተራራ አይቶ ቆንጆ ነው ብሏል። እውነቱን ነው፤ ያምራላ! ከዚህ ሸክላ ዳገት የተነሳ፣ ሮማ የምትባል ሩቅ ኃይል የላከችው ድሃ ገበሬ ነበር ምናልባት። በልቤ ቃሉን ልነጥቀው ሞከርኩ፣ አንተ ይህን ለማለት መብት የለህም ልለው። ሦስት ቀን ሙሉ ግን እኔ ራሴ የሱን ተራራ ቆንጆ ነው ስል ነው የከረምኩት። የኔ መምጣት ማንንም አልገደለም፤ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም፣ ዋናው ልዩነት ነው። ቃሉ ግን አንድ ነበር።

ሽማግሌው ገና አልጨረሱም። «ቤቱ ክብ ነው ይል ነበር። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ገጠር ብዙው ክብ ነው።»

«ጣራውስ?»

«ሣር ነበር። አሁን እየተወ ነው፣ ቆርቆሮ እየሆነ ነው። የአያቴም ቆርቆሮ ነው።»

«ታዲያ አያፈስም።»

«አያፈስም።»

«ጥሩ ነው» አሉ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው። ከዚያ በከዘራቸው ወደ አሊያኖ የሚወስደውን መንገድ አሳዩኝ። ቁልቁለቱ ላይ ጠጠር ስላለ ፍሬን ቀድሜ እንድይዝ ነገሩኝ።