ፈሪ ማን ነው?

ይህን ጽሑፍ እንድናቀርብ ያነሣሣን ከፍልስፍና መጻሕፍት ያገኘነው ጥያቄ ሳይሆን አንድ የተበላ መንጋጋ ጥርስ ነው። ባለፈው የብርድ ወራት በፊንስበሪ ፓርክ፣ ከሰቨን ሲስተርስ መንገድ ገባ ብሎ ባለው የጋራ ቤታችን፣ አንድ ጓደኛችን ለአራት ወር ያህል በግራ በኩል ብቻ እያኘከ፣ ሌሊቱን ትራሱን ነክሶ እያደረ፣ “ምን ሆንክ?” ሲባል “ብርድ ነው” እያለ ከረመ። ይህ ሰው በሰልፍ ላይ ከፊት የሚሰለፍ፣ በስብሰባ መካከል ያመነበትን ከመናገር የማይመለስ፣ እዚህ አገር ለመድረስም በረሃና ባሕር ያቋረጠ ነው። ከጥርስ ሐኪም ቤት በር ላይ ግን ሁለት ጊዜ ደርሶ ሁለት ጊዜ ተመልሷል።

ይህን እንደ ሰማን ሣቅን። “ባሕር ያላስፈራህን ሰውዬ መርፌ አስፈራህ?” አልነው። እሱም ከዚያ ወዲያ ስለ ጥርሱ ማንሣቱን ፈጽሞ ተወ፤ ጉንጩ አብጦ ዐይኑን እስኪጋርድ ድረስም ዝም አለ። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ሌላው በሽታውን እንዲደብቅ ያደረገ ሰው ምን እንደሚባል ግን ተረቱ አይነግረንም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ፍርሃት ጥፋት ነውን? የሚፈራውን ሰውስ በምን ዐይን ልናየው ይገባል?

አርስጣጣሊስ ስለ ግብረ ገብ በጻፈው መጽሐፉ ጀግንነትን በፍርሃትና ከልክ ባለፈ ድፍረት መካከል ያኖረዋል። ምንም ነገር የማይፈራ ሰው ቢኖር ጀግና ሳይሆን ዕብድ ወይም ስሜት የሌለው ነው ይላል። እኛ ግን ያደግነው “ወንድ ልጅ አይፈራም” እየተባለልን ነው። በዚህም ምክንያት ፍርሃትን ማሸነፍን ሳይሆን መሸሸግን ተማርን። በሰልፍ መካከል የጎረቤት ድምፅ ያበረታታል፤ የሚያየን ሰው መኖሩም ያጸናናል። በሐኪሙ ወንበር ላይ ግን ሰው ብቻውን ነው፤ አፉ ተከፍቶ ሳለ መፈክር ማሰማት ቀርቶ “እሺ” ማለት እንኳ አይችልም። ስለዚህ በአንዱ ቦታ ደፋር የሆነው በሌላው ቢፈራ ግብዝ ልንለው አይገባም።

ከዚህም ሌላ ፍርሃት ታሪክ አለው። በአገራችን በብዙ ስፍራ ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው “ግግ ነው” ተብሎ ድዱ ይበጣል፣ ገና ያልበቀለው ጥርሱም ተቆፍሮ ይወጣል። ካደግን በኋላም ብዙዎቻችን ጥርስ ሐኪም ስንል ነቃይ ማለታችን ነው፤ ሕመሙ ከአቅም በላይ ካልሆነ ማንም አይሄድምና። የፈራ ይዘገያል፤ የዘገየ ጥርሱ ይብስበታል፤ የባሰበት ሲታከም ሕመሙ ይበረታል፤ ያን ያየም ከቀድሞው ይልቅ ይፈራል። ይህ አዙሪት በስድብም በሣቅም አይሰበርም።

ከማኅበራችን ስብሰባ የማይቀሩ አንድ አባት ነገሩን ሲሰሙ አልሣቁም። እኒህ ሰው በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ አዲስ አበባ ታስረው፣ አፋቸው በጨርቅ ተጠቅጥቆ፣ ወፌ ላላ የተገረፉ ናቸው።

“ልጆቼ፣” አሉን፣ “ሎንዶን ከገባሁ ሃያ ዓመት ሙሉ ጥርስ ሐኪም ዘንድ አልሄድኩም። በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ መብራት ዐይኔ ላይ በርቶ፣ አፌ በሰው እጅ ሲያዝ፣ የት እንዳለሁ ይጠፋብኛል። ኋላ አንዲት ሐኪም ‘ሲበቃዎት እጅዎን ያንሡ፤ አቆማለሁ’ አለችኝ። ልፈትናት ብዬ ምንም ሳያመኝ አነሣሁ። አቆመች። ከዚያ ወዲህ እሄዳለሁ።”

የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች እንደ መሆናችን ስለ ሥልጣንና ስለ ፈቃድ ብዙ ገጽ ጽፈናል፤ ይህን ያህል የጠራ ማስረጃ ግን አላገኘንም ነበር። ገራፊውም ሐኪሟም አፍ የተያዘበት ሰው ፊት ይቆማሉ፤ ሁለቱም ሊያሳምሙ ይችላሉ። አንደኛው ሊሰብር ሌላይቱ ልታድን መነሣታቸው እውነት ነው፤ የተንጋለለው ሰው ግን ልባቸውን አያይም። ሊያውቅ የሚችለው እጁን ሲያነሣ የሚሆነውን ብቻ ነው። እኒያ አባት ፍርሃታቸውን ያሸነፉት ልባቸውን በማደንደን አይደለም፤ የማስቆም ሥልጣን ወደ እጃቸው ስለ ተመለሰ ነው።

ሕመምን ከሕክምና ለማራቅ ቀድመው ከታገሉት መካከል ራሳቸው የጥርስ ሐኪሞች መሆናቸውንም ማስታወስ ተገቢ ነው። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1844 አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ሆራስ ዌልስ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ስቦ የገዛ ጥርሱን አስነቀለ፤ በ1846 የሙያ ጓደኛው ዊሊያም ሞርተን በቦስተን ኤተር በተባለው መድኃኒት የማደንዘዝን ነገር በአደባባይ አሳየ። ዛሬ ድድን ለማደንዘዝ በብዛት የሚወጋው ሊዶኬይን በ1943 በስዊድን አገር የተሠራ ነው።

ጥርስ የግል ጉዳይ ብቻ ነው የሚለንም ካለ የምንኖርበትን አገር ታሪክ ይመልከት። በብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት በ1948 ሲጀመር የጥርስ ሕክምና ያለ ክፍያ ነበር። በ1951 መንግሥት በሰው ሠራሽ ጥርስና በመነጽር ላይ ክፍያ ለመጣል ሲወስን፣ አገልግሎቱን የመሠረተው አኑሪን ቤቫን ከሚኒስትርነቱ ለቀቀ። ክፍያው ዛሬም አለ፤ ሆኖም ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ቅጽ ሞልቶ ነጻ የሚሆንበት መንገድ አለ። ከመካከላችን “ገንዘብ የለኝም” እያልን ፍርሃታችንን የሸፈንን ስለ ነበርን ይህን ሳንጠቅስ አናልፍም።

በመጨረሻ ጓደኛችንን ይቅርታ ጠይቀን፣ ሦስት ሆነን አጅበነው ሄድን። ሐኪሟን ገና ከበሩ “እፈራለሁ” አላት። አልተደነቀችም፤ ከሚመጡት ብዙዎቹ እንዲሁ እንደሚሉ ነገረችው። በእጅ ምልክት ተስማሙ። ሦስት ጊዜ እጁን አነሣ፤ ሦስት ጊዜም አቆመች። ጥርሱ ግን አልዳነም፤ ተነቀለ። በአራት ወር ቀድሞ ቢሄድ ኖሮ በመሙላት ይድን እንደ ነበር ስትነግረው፣ ከበሩ አጠገብ የቆምነው ሦስታችን አቀርቅረን ሰማን።

ማታ ቤት ስንገባ ከመካከላችን በዓመት ውስጥ ጥርሱን የታየ ማን እንደ ሆነ ጠየቅን። አንድም አልነበረም። የሣቅነው ሁላችን የፈራነውን ያህል ነበር የሣቅነው።

ጓደኛችን ዛሬም ይፈራል፤ ግን ቀጠሮውን አያስተላልፍም። እኛም ይህን ለአንባብያን እንተዋለን፤ ፈሪ የሚለው ስም ለአንድ ሰው የሚገባው ከሆነ፣ “እፈራለሁ” ብሎ ለተናገረው ሳይሆን፣ የራሱ ፍርሃት እንዳይታይበት በሌላው ፍርሃት ለሚሥቀው ነው።