የስልካችን በርም ፈቃድ ይጠየቅበት

«የምደብቀው ከሌለኝ ቢያዩኝ ምን አለበት?» የሚሉ ወገኖች አሉ። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ የቤታችንን በር የምንዘጋው ወንጀል ስላለብን ነውን? ቁርኣን በሱረቱ ኑር ሳያስፈቅዱ ሰው ቤት መግባትን፣ በሱረቱል ሑጁራት ደግሞ መሰለልን ሲከለክል የንጹሕ ሰውም ገመና ክብር እንዳለው እረዳለሁ።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ማዘርቦርድ የተባለው የዜና አውታር እንደዘገበው፣ የሶላት ሰዓት የሚያሳውቀው «ሙስሊም ፕሮ» ተጠቃሚዎቹ ያሉበትን ቦታ «ኤክስ-ሞድ» ለተባለ ኩባንያ ይልክ ነበር፤ ከዚህ ኩባንያ መረጃ ከሚገዙት መካከልም የአሜሪካ ጦር ተቋራጮች ነበሩበት። ሙስሊም ፕሮ ግንኙነቱን ማቋረጡን ያስታወቀው ከዘገባው በኋላ ነው።

የሶላት ሰዓት ለማወቅ ከተማን መርጦ መሙላት ይበቃል። ይህን የሚያውቅ ወጣት ለእናቱ፣ ለጎረቤቱ፣ ለጀመዓው ያሳይ። በእኔ እምነት ይህ አማና ነው።