የማን ፊርማ ነው?

መቼም በአገራችን ማንም ያላደረገውን ሁሉ የሚያደርግ አንድ ፍጡር አለ። ስሙ ኮሚቴ ይባላል። የወረዳው ትምህርት ቤት ግድግዳ ተሰነጠቀ፣ ጣሪያው አፈሰሰ ብላችሁ ሥራውን ለዚህ ተቋራጭ የሰጠው ማን እንደሆነ ብትጠይቁ አንድ ሰው አታገኙም። «ኮሚቴው ወስኖ ነው» ትባላላችሁ።

አንድ ወዳጄ ከወረዳው የጨረታ ኮሚቴ አምስት አባላት አንዱ ነበር። ሌባ አይደለም፤ እኔ እመሰክርለታለሁ። ለአራት የመማሪያ ክፍሎች ግንባታ የቀረበውን ዋጋ ከፍተው ሲያዩ፣ አንደኛው ተቋራጭ መሐንዲሱ ከገመተው በሲሶ ያህል ዝቅ ብሎ ገብቷል። በዚያ ብር ደህና አርማታ እንደማይሞላ አምስቱም ያውቃሉ። ሰውየው ሲሚንቶውን ካልቀነሰ፣ ብረቱን ካላሳሳ አይወጣውም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና ፈረሙ።

«ምን ላድርግ?» አለኝ። «ርካሹን ብመርጥ ኦዲተር አይጠይቀኝም። ሁለተኛውን ብመርጥ ግን ስንት በላህ እባላለሁ።»

ይህን ንግግር በቀላሉ ማለፍ አቃተኝ። ስለ ግንባታ ሙስና ስናወራ ሁልጊዜ የምናስበው ጉቦ ተቀባዩን ነው። እዚህ ግን አንዲት ሳንቲም ያልነካ ሰው፣ እጄ ንጹሕ ነው ለማለት ሲል፣ ልጆች የሚማሩበትን ክፍል አሳልፎ ሰጠ። ንጽሕና እንዲህ ነው እንዴ?

ደግሞ ሕጉ መች እንዲህ አለ! የቀድሞው የፌዴራል የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 እንኳ ዝቅተኛ ዋጋ እንዲያሸንፍ ያደረገው የቴክኒክ መስፈርቱን ካሟሉት መካከል ነው። ኮሚቴዎች ግን ግማሹን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው በቃላቸው የያዙት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 3039 ተቋራጩን ለሠራው ሕንፃ ጥንካሬ 10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል። 10 ዓመት! ማኅተሙን ቀይሮ በሌላ ስም የሚነግደውን በየት ታገኙታላችሁ?

ወዳጄ አንድ ነገር ማድረግ ይችል ነበር። ቃለ ጉባኤው ላይ የልዩነት ሐሳቡን በሁለት መስመር ማስፈር። አራቱ በድምፅ ያሸንፉታል፤ ይሁን። ይህን ስለው ሳቀና፣ «በሚቀጥለው ስብሰባ ከኮሚቴው ያወጡኛል» አለ።

ልክ ነው፣ ያወጡታል። አበሉም ይቀርበታል። እነዚያ ሁለት መስመሮች ግን ፋይሉ ውስጥ ይቆያሉ፤ ግድግዳው የተሰነጠቀ ቀን ኦዲተሩ ፈልጎ የሚያነበው እነሱን ነው።