ጠሪ የሌለው ደቦ

ሰፈርን በበጎ ፈቃድ ማጽዳት ከደቦ ጋር ይመሳሰላል፤ በአንድ ነገር ግን ይለያል። ደቦ ጠሪ አለው። እርሻው የሚታረምለት ገበሬ ጎረቤቱን ጠርቶ ያበላል፣ ያጠጣል፤ በሌላ ቀን እሱም ተጠርቶ ይሄዳል። የመንደር ቦይ ግን ማንንም አይጠራም፣ ብድርም አይመልስም። አዳማ ላይ ይህ በክረምት ይጎላል። ከተማዋ በኮረብታዎች መሀል ጎድጎድ ባለ ስፍራ ስለተቀመጠች ጎርፉ ከዙሪያው ወደ ውስጥ ይወርዳል። ላይ ሰፈር የተጣለ ፌስታልና ሃይላንድ ከደለል ጋር ተጋግሮ ቱቦውን ይዘጋና ውኃው ታች ሰፈር ካለ ሰው በረንዳ ላይ ይወጣል። ጣዩና ተጎጂው አይተዋወቁም። ታዲያ ቦዩን የመጥረግ ግዴታ የማን ነው? የሚጠርገውስ በማን ስም ይጠርጋል?

ለመጀመሪያው ጥያቄ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች አብረው የሚኖሩት እምነቶች መልስ ይቀራረባል። በእስልምና ትምህርት ሰው የሚጎዳ ነገርን ከመንገድ ላይ ማንሳት ሰደቃ ነው፤ ከኢማን ቅርንጫፎች ዝቅተኛው ቢባልም ከእምነት አልተለየም። ወንጌል ምጽዋት በስውር እንዲሰጥ ያዛል። ሰፉ የሚባለው የኦሮሞ ሥነ ምግባር ሰው ለሰውም ለፍጥረትም የሚገባውን ክብር እንዲጠብቅ ይጠይቃል፤ ቢሾፍቱ ላይ ኢሬቻ የሚከበርበትን የሆራ አርሰዲን ዳርቻ ማቆሸሽ በዚህ ዓይን ነውር ነው። ለጥምቀት የታቦቱን መንገድ የሚጠርጉ፣ ለዒድ ሶላት ሜዳውን የሚያሰናዱ ወጣቶችም መጥረጊያ ከማንሳታቸው በፊት የምስክር ወረቀት አይጠየቁም።

ሕጉም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 31 የመደራጀት መብትን ያረጋግጣል፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የመጠበቅ ግዴታን በመንግሥትና በዜጎች ላይ ይጥላል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርን፣ ዕቁብንና መሰል ባህላዊ ወይም ሃይማኖታዊ ስብስቦችን አይመለከትም። ትናንት የተሰባሰበ የጽዳት ቡድን ግን ዕድር ነኝ ሊል አይችልም። ስለዚህ በነባር ዕድር ጥላ ሥር መሥራት ለብዙዎች ይሻላል፤ ዕድሩ የታወቀ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው።

ከባዱ በማን ስም የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ ወንጌል ያዘዘው ስውርነት የት ላይ ያበቃል? ሰው የራሱን ጉልበት ሊሰውር ይችላል፤ ላቡ የራሱ ነው። የሌላውን ብር መሰወር ግን አይችልም። ቅዳሜ ጠዋት ከቦይ የወጣ ሃይላንድ በማዳበሪያ ታጭቆ፣ ጭቃው እየተንጠባጠበ ቆራሌው ፊት ይመዘናል። የሚገኘው ጥቂት ብር ነው። ትንሽ ስለሆነ አይጻፍም፤ ስላልተጻፈ ይጠረጠራል። ሕጋዊ ሰውነት የሌለው ቡድን በስሙ ውል አይዋዋልም፣ አይከስም፤ መዋጮው በአንድ አባል የባንክ ደብተር ከተቀመጠና ሰውየው ከሞተ ወራሾቹ ገንዘቡን የእሱ ነው ቢሉ አይፈረድባቸውም። የዕድር ልማድ መድኃኒቱን ያውቃል፦ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይለያያሉ፣ ሒሳቡም በወሩ ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበባል።

ድምፃዊው ስለሺ ደምሴ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ የጎዳና ወጣቶችን ለጽዳት ሲያሰልፍ «ጋሽ አበራ ሞላ» የሚለው ስም ራሱ የጽዳት መጠሪያ ሆኖ ነበር። ሕዝቡ የተከተለው ሰውየውን አይቶ ነው። በአንድ ሰው ላይ ያደረ እምነት ግን ለተተኪ በቀላሉ አይተላለፍም፤ የሒሳብ ደብተር ለዚህም ያስፈልጋል።

የቀረው የተሰበሰበው ቆሻሻ ጉዳይ ነው። መንገድ ዳር የተተወ ማዳበሪያ በማግሥቱ በውሻ ተቀዶ፣ የአዳማ ነፋስ በትኖት ወደዚያው ቦይ ይመለሳል። ስለዚህ መጥረጊያ ከመነሳቱ በፊት ገንዳው የት እንዳለ፣ መኪናው በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ከቀበሌውና ቤት ለቤት ቆሻሻ ከሚሰበስቡት ማኅበራት ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ሥራው ሰፍቶ ቡድኑ ጋሪ ሲገዛ፣ ሰው ሲቀጥር ወይም ከውጭ እርዳታ ሲቀበል መመዝገብ ይገባዋል። በፌዴራሉ አዋጅ ማኅበር ለመመሥረት አምስት አባላት ይበቃሉ፤ ሥራው ከኦሮሚያ የማይወጣ ከሆነ ግን የሚመለከተው የክልሉ ሕግ ነው።