ከክርስትናው የሚቀድም ወረፋ

ስቶክሆልም ውስጥ አራስ ሊጠይቅ የሚመጣ ሐበሻ ከገንፎው ጋር አንድ ምክር ይዞ ቢመጣ አይገርምም፦ «ልጁን ቶሎ ወረፋ አስይዙት»። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። የአንዳንድ ስመ ጥር ትምህርት ቤቶች ወረፋ ግን ያን ቀን አይጠብቅም፤ ሕፃኑ ገና በተወለደ ሰሞን ሊያዝ ይችላል።

እነዚህ ትምህርት ቤቶች «ፍሪስኩላ» ይባላሉ። ባለቤታቸው ኮሙኑ (የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት) አይደለም። ማኅበር፣ ፋውንዴሽን ወይም አክሲዮን ኩባንያ ሊሆን ይችላል፤ የሚሠሩት ግን በግብር ከፋዩ ገንዘብ ነው። ከወላጅ ክፍያ መጠየቅ በሕግ ክልክል ነው። ኮሙኑ ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚመድበው «ስኩልፔንግ» ልጁን ይከተላል፤ ልጁ ትምህርት ቤት ሲቀይር ገንዘቡም አብሮት ይሄዳል። ሥርዓቱን በ1992 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያመጣው የጠቅላይ ሚኒስትር ካርል ቢልት መንግሥት ነው። መጀመሪያ ድርሻው ከኮሙኑ አማካይ ወጪ ቢያንስ 85 በመቶ ነበር፤ በኋላ ሶሻል ዴሞክራቶቹ ራሳቸው ከኮሙኑ ትምህርት ቤቶች ጋር እኩል አደረጉት።

አሜሪካ ተመሳሳዩን ነገር የጀመረችው በሚኒሶታ በ1991 ሲሆን፣ የሃይማኖትን በር ግን ዘግታ ነው። ኦክላሆማ ውስጥ በመንግሥት ገንዘብ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ለመክፈት የተደረገው ሙከራ በክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤት ታገደ። በግንቦት 2025 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች 4 ለ 4 ተከፍለው እግዱ ጸና። ስዊድን ያንን በር ክፍት ትታለች። ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ አይሁዱም በስኩልፔንግ ማስተማር ይችላሉ።

ልጁ የማን ነው? ጆን ስቱዋርት ሚል በ1859 ባሳተመው መጽሐፉ፣ መንግሥት ልጅ ሁሉ እንዲማር ያስገድድ፣ ለድኻውም ይክፈል፣ ነገር ግን ሁሉን ትምህርት በራሱ እጅ አያድርግ ብሎ ተከራክሯል፤ የፈራው ሰው ሁሉ በአንድ ቅርጽ እንዳይፈስ ነው። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ስምምነት የመጀመሪያ ፕሮቶኮልም የወላጅ ሃይማኖታዊና ፍልስፍናዊ እምነት እንዲከበር ያዛል። የሃይማኖት ትምህርት ቤት ተቃዋሚዎች ደግሞ ልጅ ርስት አይደለም፣ ከሌላ ቤት ልጅ ጋር በአንድ ወንበር የመቀመጥ መብት አለው ይላሉ።

የስዊድን ሕግ ሁለቱንም ለማስማማት መስመሩን በደወል አሰመረ። የክፍል ትምህርቱ ከየትኛውም እምነት ነጻ ይሁን፤ ጸሎቱ ከትምህርቱ ውጭ ይደረግ፣ እሱም በፈቃድ። በወረቀት ላይ ያምራል። ጓደኞቹ ሁሉ ለጸሎት ሲነሡ ብቻውን የሚቀመጥ የ7 ዓመት ልጅ ምን ያህል «በፈቃዱ» እንደሆነ ግን ደወሉ አይነግረንም። የቄስ ትምህርት ቤት ያሳደገው ሰው ክፍፍሉ ራሱ እንግዳ ይሆንበታል፤ ዳዊት የሚደግም ልጅ ንባብ እየተለማመደ ነው ወይስ እየጸለየ?

ስቶክሆልም ራሷ ይህን ጥያቄ በሌላ ጎኑ ታውቀዋለች። በ1842 የወጣው የሕዝብ ትምህርት ቤት ደንብ ትምህርትን ለአጥቢያዎች የሰጠ ነበር። በ1856 በዚያው ከተማ የተመሠረተው የወንጌል ሚሲዮን ወደ ምጽዋ ሰዎች ላከ፤ ከባርነት ነጻ የወጣው ኦነሲሞስ ነሲብም ያኔ ስቶክሆልም በነበረው የሚሲዮኑ ማሠልጠኛ፣ በዮሐነሉንድ፣ ሠለጠነ። በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የእሱ ድካም ውጤት ነው። ፊደልንና ወንጌልን በአንድ መርከብ ይልክ የነበረ አገር ዛሬ ሁለቱን በሰዓት ሰሌዳ ይለያል፤ ከ2023 ጀምሮም የሃይማኖት ትምህርት ቤት ባለቤቶችን በጥብቅ ይመረምራል።

ጭቅጭቁ ከቁጥሩ ይበልጣል። በመሠረታዊ ትምህርት በሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ያሉት ልጆች ከመቶ አንድ ገደማ ናቸው። ለትርፍ የሚሠሩት ኩባንያዎች የሚያስተምሯቸው እጅግ ይበልጣሉ። ከእነሱ አንዱ፣ አካደሚዲያ፣ በ2016 የስቶክሆልም አክሲዮን ገበያ ገብቷል። በ2013 ደግሞ ጄቢ ኤጁኬሽን የተባለው ኩባንያ ከስሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ልጆችን በጸጥታ የሚለየው ግን ከሁሉ በላይ ወረፋው ነው። የኮሙኑ ትምህርት ቤት በአብዛኛው ለቅርብ ነዋሪ ቅድሚያ ሲሰጥ፣ ወረፋ የሚቆጥር ፍሪስኩላ ቀድሞ ላወቀ ወላጅ ይሰጣል። ከአዲስ አበባ በቤተሰብ ማገናኘት የመጣ የ10 ዓመት ልጅ ወረፋው ከመጣበት ቀን ይጀምራል። «ምርጫ» የተባለው ነገር የወላጁ የመረጃ ውርስ እንጂ የልጁ አልሆነም።

ኢትዮጵያም ይህን ክርክር በአንድ ሕገ መንግሥት ውስጥ ይዛለች። አንቀጽ 27 ወላጅ ልጁን በእምነቱ የማሳደግ መብቱን ያረጋግጣል፤ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የሚፈልግ አዲስ አበቤ ብዙውን ጊዜ ከኪሱ ይከፍላል።

በስቶክሆልምም ከቅዳሴ በኋላ ሀ ሁ የሚያስቆጥሩ በጎ ፈቃደኞች ስኩልፔንግ አያገኙም። ወረፋም የላቸውም፤ ዘግይቶ የመጣ ልጅ ጥግ ይዞ ይቀመጣል።