ዋስትናው ያለፈው ማን እያየ ነው?

ላፕቶፑ ተበላሸ፤ ዋስትናውም ካለፈ ወራት ተቆጥረዋል። ይህ ሲነገር «ምን ይደረጋል፣ ዕድል ነው» ብሎ ማለፍ በየመሥሪያ ቤቱ ልማድ ሆኗል። ዕድል ምን አገባው? ዋስትናው የሚያበቃበት ቀን ዕቃው ግቢ ከገባበት ዕለት ጀምሮ የታወቀ ነበር። መመልከት ሲገባው ያልተመለከተ ሰው አለ፤ ያ ሰው ደመወዝ የሚከፈለው ለዚሁ ሥራ ነው።

የምናገረው ለግዥ፣ ለንብረትና ለአይቲ ክፍል ኃላፊዎች ነው። በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ ዋስትናውን የዘነጋ ሰው የሚጎዳው ራሱን ነው። እናንተ ግን የሕዝብ ገንዘብ የወጣበትን ዕቃ ፈርማችሁ ተረክባችኋል። «የመንግሥት ነው» የምትሉት ነገር ባለቤት አለው፤ ግብር ከፋዩ ነው።

እስቲ ስቶራችሁን ክፈቱ። ሞዴል 19 የተቆረጠላቸው ላፕቶፖች ከነካርቶናቸው ተደርድረው፣ ሞዴል 22 የሚፈርም እስኪገኝ ወራት ይቀመጣሉ። የዋስትናው ወረቀት ላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድ ካርቶኑ ውስጥ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ዋስትናው መቆጠር የሚጀምረው ዕቃው ከተላከበት ወይም ከተሸጠበት ቀን ነው፤ ሠራተኛው ላፕቶፑን የከፈተበት ቀን አይጠየቅም። መርከብ ላይ የተጓዘበት፣ ጅቡቲ የከረመበት፣ ጉምሩክ የቆየበት፣ እናንተ ስቶር አቧራ የጠጣበት ጊዜ ሁሉ ከዚያው ላይ ሊቀነስ ይችላል። የ1 ዓመት ዋስትና ያለው ዕቃ ሠራተኛው እጅ ሳይደርስ ግማሹ ቢያልቅ ምን ይገርማል? ዓይነቱንና ብዛቱን፣ ዋጋውንም ጽፋችሁ ስታበቁ የማብቂያውን ቀን ከጎኑ መጻፍ ማን ከለከላችሁ? ከላፕቶፑ ሥር የተለጠፈውን መለያ ቁጥር የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ብታስገቡት ቀኑ ወዲያው ይወጣላችኋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ገዢ የተረከበውን ዕቃ ሳይዘገይ እንዲመረምር፣ ጉድለት ካገኘም ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ሕጉ ለሰነፍ ገዢ አይራራም።

ከዚያ የወር መጨረሻ ይመጣል። ፔሮል የምትሠራው የሒሳብ ሠራተኛ ላፕቶፕ አልነሳ ይላል። አይቲው ይፈታዋል፤ ማዘርቦርዱ ሄዷል። አቅራቢው ጋ የሚደወለው ይኼኔ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። «ጊዜው አልፏል» ሲላችሁ ትቆጣላችሁ፤ ሰውየው ግን እውነቱን ነው። ብዙ አምራቾች ዋስትና የሚያራዝሙት የመጀመሪያው ሳያልቅ ነው፤ ካለቀ በኋላ የሚቀበሉትም ቢሆኑ ምርመራና ተጨማሪ ክፍያ ሊጠይቁ ይችላሉ። ስለዚህ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ደብዳቤ ይመራል። ሠራተኛዋ ያንን ሰሞን የራሷን ላፕቶፕ ከቤት ተሸክማ እየመጣች የመሥሪያ ቤቱን ሰነድ በግል ማሽን ትሠራለች። የተበላሸው ወደ ስቶር ይመለስና የማስወገጃ ኮሚቴ እስኪቋቋም ይጠብቃል። ለዚህ ሁሉ የተጠየቀ ሰው የለም። የሚያሳፍረውም ይኸው ነው።

ሁሉንም አራዝሙ ማለቴ አይደለም። ከጥያቄ ለማምለጥ ብቻ፣ ሳያዩ ለ5 ዓመት አሮጌ ላፕቶፕ ማራዘሚያ መክፈልም ያው ስንፍና ነው፤ በዚያ ገንዘብ የመጠባበቂያ ዲስክ መግዛት ይሻላል። ውሉን አንብቡት። ላፕቶፑ የ3 ዓመት ዋስትና ቢኖረውም ለባትሪው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የ1 ዓመት ብቻ ነው። የወደቀ፣ ቡና የፈሰሰበት፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ የተቃጠለ ላፕቶፕ በተራ ዋስትና አይሸፈንም፤ ለአደጋ የሚሆን ሽፋን ካለ ለብቻው ነው የሚገዛው። ጥገናው አዲስ አበባ ይሰጣል ወይስ ዕቃው ዱባይ መላክ አለበት? ይህን ሳትጠይቁ መፈረም ወረቀት መግዛት ነው። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፦ የትኛውም ተራ ዋስትና ዲስክ ይቀይርላችሁ ይሆናል እንጂ በላዩ የነበረውን ሰነድ አይመልስም።

መስክ ለመስክ የሚዞር ላፕቶፕና ጠረጴዛ ላይ የሚውል ላፕቶፕ አንድ አይደሉም። ቢቆም የሠራተኛ ደመወዝ የሚያዘገየውን አራዝሙት፤ ሌላ የሚተካውን ተዉት። ሁለቱም ውሳኔ ነው፤ ለሁለቱም መከራከር ይቻላል። ዝም ብሎ ቀኑን ማሳለፍ ግን መከራከሪያ የለውም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የላፕቶፖቻችሁን መለያ ቁጥር ሰብስቡ። ዋስትናቸው ሊያልቅ 3 ወር የቀራቸውን ለዩ። በእያንዳንዱ ፊት «ይራዘም» ወይም «አይራዘም» ብላችሁ ምክንያቱን ጻፉ፤ ስማችሁንም አስፍራችሁ ፈርሙ።